የሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክና የተሰጥዖ ፍለጋ ነገር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት በሚታተመው በዚህ መጽሔት ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ ዕድል ሲሰጠን የመረጥነው ሻምበል አበበ ቢቂላን ነው። ስሙን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ሮማ ላይ ማሸነፉን ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ይናገረዋል። እኛም ይህን የታወቀ ነገር ለመድገም ብቻ ብዕር አላነሣንም። አሳባችን ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈውን፣ ማለትም ይህ ሰው በማን ዓይን ታየ፣ በየትኛው በር ገባ፣ ስንት ዓመትስ ተደክሞበት ለዚያ ክብር በቃ የሚለውን ጥያቄ እንደ ዐቅማችን መርምረን ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ነው።

በአገራችን ስለ ጀግና ሲወራ ጀግናው ከሰማይ እንደ ወረደ ተደርጎ ይነገራል። ስለ አበበም በመጨረሻው ሰዓት በሌላ ሯጭ ምትክ ድንገት ተጨምሮ ሄደና አሸነፈ የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ታሪኩን በቅርብ ከመረመሩት ሰዎች መካከል ግን ወደ ሮማ መሄዱ ድንገተኛ ሳይሆን አስቀድሞ የታሰበበትና በጊዜ የተዘጋጀ ሥራ እንደ ነበረ ያስረዱ አሉ። የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ተሰጥዖ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ተሰጥዖን ፈልጎ ማግኘትና ማልማት ግን የሰው ሥራ ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ምድር ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። ዕለቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1932 ሲሆን፣ በዚያው ቀን በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በዚያች ዕለት በጃቶ የተወለደው ሕፃን ከ28 ዓመት በኋላ የዚሁ ሩጫ ባለድል ይሆናል ብሎ ሊያስብ የሚችል ሰው አልነበረም።

ሦስት ዓመት ሲሞላው የኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ። ቤተ ሰቡ በጦርነቱ ምክንያት ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ስፍራ ተሰደደ፤ በኋላም ወደ ጃቶና ወደ ጅሩ አካባቢ ተመልሶ በእርሻ መተዳደር ዠመረ። አበበም እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ በሜዳው ላይ የገና ጨዋታ እየተጫወተ አደገ። ከዚህ ከካራቆሬ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና በኩል የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያልፍ መንገደኛ የዚያን የሸዋ ደጋ መልክ ያውቀዋል። አየሩ ቀዝቃዛና ስስ ነው፤ በዚያ ከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ብዙ ቀይ ሕዋሳት እንዲኖሩት ይገደዳል፤ ይህም ለረጅም ሩጫ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በዚያ ደጋ ላይ ከአበበ ጋር አብረው ከብት የጠበቁ ልጆች ብዙዎች ነበሩ። የሁሉም አየር አንድ ነበር፤ የሁሉም ጉልበት በዳገት የጠና ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ልዩነቱ የመጣው ከአንድ በር ነው እንላለን። አበበ በ20 ዓመቱ ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ መንግሥት የሚጠብቅ ጦር ከመሆኑም በላይ ወጣቶችን ከየአውራጃው በአንድ ሰፈር የሚሰበስብ፣ የሚያበላ፣ የሚያለብስ፣ በየጊዜውም በውድድር የሚያፎካክር ድርጅት ነበር። ዛሬ በትልልቅ አገሮች የስፖርት ክለብ የሚባለው የሚያደርገውን ሥራ ያን ጊዜ በአገራችን ይሠራ የነበረው በአብዛኛው የጦር ሰፈር ነው። ተበታትኖ በየተራራው የሚኖር ጉልበት በአንድ ሜዳ ካልተሰለፈ የትኛው እንደሚበልጥ አይታወቅምና ይህ መሰብሰብ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የሚመለከት ዓይን ነው። ይህም ዓይን የሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ነበር። ኒስካነን በፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉ ሰው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በስፖርት አሠልጣኝነት ረጅም ዘመን አገልግለዋል። አበበ በዚያን ጊዜ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በየቀኑ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ይህን ሁሉ መንገድ በየቀኑ ሲሮጥ ያየው ሰው ሁሉ ወታደር ወደ ሥራው ይሮጣል ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ኒስካነን ግን አላለፉትም፤ አስተውለው ከሚያሠለጥኗቸው ሰዎች ጋር ደመሩት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ነገሮችን ልብ እንዲል እንፈልጋለን። የመጀመሪያው፣ አበበ ሲገኝ ልጅ አለመሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ሲሆን፣ አበበ ያን ጊዜ የ24 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ከተጓዦቹም አንዱ አልነበረም። ሁለተኛው፣ ሲገኝ አንደኛ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረገው የጦር ኃይሎች ውድድር ያሸነፈው ስመ ጥሩው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበ ተከትሎት ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣውን ብቻ መርጦ የቀረውን የሚያሰናብት አሠልጣኝ ቢሆን ኖሮ የአበበ ታሪክ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። መልካም አሠልጣኝ ግን ዛሬ ማን ቀደመ ከማለት አልፎ ነገ ማን ሊቀድም ይችላል ብሎ ይጠይቃል።

ሦስተኛው እርምጃ ልማት ነው፤ ይህም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አበበ ከሜልበርን እስከ ሮማ በነበሩት አራት ዓመታት ረጅሙን መንገድ ከመሮጥ ጋር አጭርና ፈጣን ሩጫን እየደጋገመ፣ ዳገትና ቁልቁለት እየወጣና እየወረደ፣ በሰዓት እየተለካ ሠለጠነ። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ እንደ ገና ሲሮጥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገደማ ጨረሰው። ይህም የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ዓለም የአበበን ስም ከመስማቱ በፊት አሠልጣኙ በእጃቸው ባለው ሰዓት ማን እንደ ሆነ ዐውቀውት ነበር ማለት ነው።

ወደ ሮማ ከደረሱም በኋላ ጥናቱ አልተቋረጠም። አዲስ የተገኘው ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፣ በባዶ እግር መሮጥም ከልምምድ የለመደው ስለ ነበረ ያለ ጫማ እንዲሮጥ ተወሰነ። ስለዚህ ባዶ እግሩ የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ታስቦበት የተደረገ ምርጫ ነው። የሩጫውም መንገድ አስቀድሞ ታየ። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብርቱ ተቀናቃኝ መሆኑ ታውቆ አበበ 26 ቁጥር የለበሰውን እንዲጠብቅ ተነገረው። ራዲ ግን በሌላ ቁጥር፣ ማለትም በ185 ቁጥር ተሰለፈ። አበበም አጠገቡ የሚሮጠው ያው የሚፈልገው ሰው መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን ከፊቱ እየፈለገ ብዙ መንገድ ሮጠ ይባላል።

ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። ሩጫው ወደ ማታ ስለ ተዠመረ ሯጮቹ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ በጨለማ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን አለፉ። አበበና ራዲ ሌሎቹን ሁሉ ትተው ሁለት ብቻ ሆነው ሲሮጡ ቆዩ። ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ በመንገዳቸው ላይ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ይህም ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአገራችን የወሰዱት ነው። አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ የተለየው በዚያ አካባቢ ነው። በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ሲገባ ራዲ ከ25 ሴኮንድ በኋላ ደረሰ። ሌላው የአገራችን ሯጭ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆነ። ከጥቁር አፍሪቃ የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት አበበ የመጀመሪያው ሆነ። ሐውልቱ ግን ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን በአክሱም ዳግመኛ የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ከሮማ በኋላ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺትሴ እ.ኤ.አ. በ1961 አሸነፈ። በ1963 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ግን አምስተኛ ወጣ። ይህን የምንጽፈው ሰውየውን ለማሳነስ ሳይሆን ታላቅ ሯጭም እንደሚሸነፍ ለማሳሰብ ነው። ቦስተን ላይ በመሸነፉ ሥልጠናውን አልተወም፤ ያሠለጠኑትም አልተዉትም።

በ1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሊምፒክ አምስት ሳምንት ሲቀረው በትርፍ አንጀት ታሞ በቀዶ ጥገና ታከመ። ብዙዎች ተስፋ ቈርጠው ነበር። እርሱ ግን ቀስ እያለ ወደ ልምምዱ ተመልሶ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በዚህ ጊዜ በጫማ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲገባ አበበ በሜዳው መካከል ሰውነቱን እያፍታታ ነበር። ማራቶንን በሁለት ኦሊምፒክ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ሦስተኛው ጉዞ ወደ ሜክሲኮ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ እግሩን እየታመመ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። በዚያ ዕለት ወርቁን ያገኘው ግን ሌላ ኢትዮጵያዊ፣ የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነበር። ማሞ ከ12 ዓመት በፊት በሜልበርን ከተሰለፉት አንዱ ሲሆን እርሱም ከዚያው ከክብር ዘበኛ የወጣ ነው። የተሰጥዖ ልማት ትክክለኛ ፈተናው ይህ ይመስለናል። አንድ ጀግና በአጋጣሚ ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ተነሥቶ ሰንደቁን እንዲይዝ የሚያደርገው ግን የቆመ ሥርዓት ነው።

ከዚህ በኋላ የአበበ ሕይወት ወደ ኀዘን ታጠፈ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ቢታከምም ዳግመኛ ሊሄድ አልቻለም። ይሁን እንጂ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይ አገርም በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። እግሩን ያጣ ሯጭ በክንዱ መወዳደሩ የሠለጠነው ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ልቡም እንደ ነበረ ያስረዳል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በክብር ተቀበረ።

ይህን ታሪክ ከሌላው ዓለም ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት፣ ነገር ግን አብዛኛው በእጅ የሚካሄድ ጨዋታ አላቸው። ባለ ሙያ ቡድኖቻቸው ወጣቶችን የሚያገኙት በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ሜዳ ላይ ነው። ከ1936 እ.ኤ.አ. ዠምሮ ቡድኖቹ በየዓመቱ ተሰብስበው ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቡድን ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ይህም ብርቱው ሁሉንም ጠቅልሎ እንዳይወስድ ነው። ከምርጫው በፊት ወጣቶቹን አሰልፈው ቁመታቸውንና ክብደታቸውን ይለካሉ፤ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል አስሩጠው እስከ ሴኮንድ ክፍልፋይ ይመዘግባሉ። ይህን ሁሉ ለክተውም ይሳሳታሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ቶም ብሬዲ የተባለው ወጣት የተመረጠው 198 ሰዎች ከተመረጡ በኋላ ነበር፤ እርሱ ግን ኋላ ሰባት ጊዜ የታላቁ ዋንጫ ባለቤት ሆነ። ሁለተኛ ወጥቶ የነበረውን የክብር ዘበኛ ወታደር እናስታውስ። መለካት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ብቻ ለክቶ መፍረድ ከንቱ ነው።

በአገራችንም ከዚያ ወዲህ በሩ እየሰፋ ሄዷል። በአርሲ ደጋ በምትገኘው በበቆጂ ከተማ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ልጆችን በሜዳ ላይ ሲመለከቱ ደራርቱ ቱሉን የመሰሉ ሯጮች ወጡ። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ከጥቁር አፍሪቃ ሴቶችም ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። ከሮማ እስከ ባርሴሎና 32 ዓመት ነው። በሮማ ጊዜ ኢትዮጵያ አንዲት ሴት እንኳ አላሰለፈችም። በእነዚያ ዓመታት ውኃ ቀድተው ዳገት ይወጡ የነበሩት እኅቶቻችን ጉልበት አጥተው ነበርን? አልነበረም። ያጡት በሩን፣ የሚመለከታቸውን ዓይንና የሚለካቸውን ሰዓት ነው። የደራርቱ በር የተከፈተው በጦር ሰፈር ሳይሆን በትምህርት ቤት ሜዳ መሆኑን እኛ ተማሪዎች በተለይ ልንመለከተው ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ይፋት ቆላ ነው፤ የካራቆሬና የሸዋ ሮቢት ፀሐይ የበቆጂን ብርድ አያውቅም። ስለዚህ ከኛ አገር ሯጭ አይወጣም የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንቀበለውም። የጣርማ በር ተራራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከቆላው ተነሥቶ በመኪና በግማሽ ቀን ይደረሳል። ለአጭር ሩጫ፣ ለዝላይና ለእግር ኳስ ደግሞ ቆላነት እንቅፋት አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን በየመንደሩ ስንት ፈጣን ልጅ እንዳለ ለክተን ሳናውቅ የለም ብለን ልንፈርድ አይገባንም።

ከአበበ ታሪክ ለትምህርት ቤታችን የሚጠቅም አንድ አሳብ እናቀርባለን። ሜዳችን በሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረግበት። አንድ የሩጫ ሰዓትና አንድ መዝገብ ይገዛ። በየዓመቱ እያንዳንዱ ተማሪ፣ ወንድም ሴትም፣ አጭሩንና ረጅሙን ርቀት ይሩጥ፤ ሰዓቱም ከስሙ ትይዩ ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ ዳግመኛ ይለካ። ያን ጊዜ መምህሩ አንደኛ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ከዓምና ዘንድሮ ብዙ ያሻሻለውንም ያያል። ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ጸጥተኛ ልጅ ምናልባት ይህ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይተላለፍ፤ የዞን ወይም የክልል ክለቦች አሠልጣኝ በመጣ ጊዜም ይታይ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሳይሰለቹ በየዓመቱ መድገምን ነው።

ይህን መዝገብ የሚዠምር መምህር ፍሬውን በአንድ ዓመት እንደማያይ ይወቅ። እኛም የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስለሆንን ውጤቱን በዚህ ግቢ ሆነን አናየውም። ነገር ግን አበበ ከሜልበርን ቀርቶ ሮማ እስኪደርስ አራት ዓመት ተጠብቋል። ወደ ፊት ይህ ትምህርት ቤት ሌላ የምሥረታ በዓል ሲያከብር ከዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ ስም ከዳር እስከ ዳር ታውቆ እንዲገኝ እንመኛለን። ታናናሾቻችን ሆይ፥ ሰዓቱ ሲያዝ ከመስመሩ አትሽሹ፤ ሁለተኛ ብትወጡም እንደ ገና ተሰለፉ።